በቅጠልና በቅጠል መካከል
(የሐረር ጉዞ ማስታወሻ)



ባለፈው የግማሽ ዓመት ዕረፍት የተማሪዎቻችንን ፈተና አርመን፣ ውጤቱንም አስረክበን እንዳበቃን ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ተጓዝን። በእጃችን ሁለት ነገር ይዘን ነበር። አንደኛው በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ ኪታብ ሲሆን ሁለተኛው የተቀዳደዱ ወረቀቶች የታጨቁበት አንድ ፌስታል ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ወጣት ፌስታሉን ከጭናችን ላይ አንስተን ከላይ ከዕቃ ማስቀመጫው እንድናደርገው በትሕትና ቢጠይቀንም እሺ አላልነውም። ከኪታቡ ይልቅ ፌስታሉ ያሳስበን ነበር። ለምን እንደሆነ እንግለጽላችሁ።

ኪታቡና ፌስታሉ

ኪታቡ በሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህ ለጀማሪ ደረሳ የሚቀራው የአቡ ሹጃዕ መትን ነው። በመቃ ብዕር የገለበጡት አያታችን ናቸው። ወሎ ውስጥ በዳና፣ በጀማ ንጉሥና በሌሎችም የታወቁ የዒልም ቦታዎች ሲደረግ እንደኖረው ሁሉ፣ ኪታብ በገበያ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ደረሳ የሚቀራውን ኪታብ በገዛ እጁ ይገለብጥ ነበር። አያታችን ሲሞቱ ኪታቡ ለአባታችን ተላለፈ። አባታችንም (አላህ ይማራቸው) ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀሩትና ሲያስቀሩት ኖሩ።

አባታችን ከሸኻቸው የሰሙትን ማብራሪያ በኪታቡ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። ኅዳጉ ሲሞላባቸው ሌላ ወረቀት ቆርጠው፣ በላዩ ጽፈው፣ በሁለቱ ቅጠሎች መካከል ያስገቡታል፤ አንዳንዱን በነጭ ክር ይሰፉታል፣ አንዳንዱን ያጣብቁታል፣ አንዳንዱን ደግሞ እንዲሁ ይተዉታል። ወረቀቱ ዓይነቱ ብዙ ነው። የቆየውና የወየበው አለ፤ የፖስታ ጀርባ አለ፤ በኋላ ዘመን የገባው ደግሞ ከእኛው ከልጆቻቸው ደብተር የተቀደደ ነው።

ጥፋታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ መምህራችን ከደብተራችን መካከል ሁለት ቅጠል መጉደሉን አይተው በተማሪው ሁሉ ፊት አስቆሙን። እኛም ቤት ስንገባ ኪታቡን ገልጠን፣ በአንድ በኩል የማባዛት ሥራችን፣ በሌላው በኩል የአባታችን ጽሕፈት ያለበትን ወረቀት አገኘን። በንዴት ሳብነው፤ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን ሳብነው፤ እሱም ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከንዴት አልፎ ጽዳት መሰለን። በአስኳላ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ንጹሕ መሆን አለበት ተብሎ ተምረናልና፣ የተሰፋውንም፣ የተጣበቀውንም፣ የእኛንም፣ የእኛ ያልሆነውንም እየነቀልን አወጣነው። ኪታቡ ቀጠነ፤ እኛም ደስ አለን።

አባታችን ሲመለሱ አልተቆጡም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ወረቀቱን አንድ በአንድ ለቀሙና በፌስታል አደረጉት። "ቦታቸውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲመቸኝ እመልሳቸዋለሁ" አሉ። ሳይመቻቸው ዓይናቸው ደከመ፤ ከዚያም ወደ አኼራ ሄዱ። ፌስታሉ ከኪታቡ ጋር ለእኛ ደረሰን።

ወደ ጌይ

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ አዳማንና አዋሽን አልፎ ወደ ጭሮ ተራሮች ይወጣል። ከዚያ በሒርናና በጨለንቆ አድርጎ በቁልቢ በኩል ይዘልቃል። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የሐረር አሚር የነበሩት ዓብዱላሂና የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የተዋጉበት ቦታ ነው። ሐረር ራስዋን የቻለች የአሚሮች ከተማ መሆንዋ ያበቃው በዚያ ውጊያ ነው። በመስኮት ስናየው ጫትና ማሽላ የበቀለበት ሰላማዊ ዳገት ሆኖ አለፈን።

ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌይ" ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። በግንብ የተከበበችው ጀጎል ግንብዋን ያገኘችው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ነው። አምስቱ የጥንት በሮችዋ ዛሬም መግቢያና መውጫ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ ጠቅሷል። በፈረስ መጋላ በኩል ገብተን፣ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደርድረው በሚሰፉበት በመኪና ግርግር ቁልቁል ስንወርድ የዙህር አዛን ተሰማ። ከአንዱ መስጊድ የጀመረው አዛን ወዲያው ከሌላው፣ ከዚያም ከሦስተኛው እየተቀበለ በጠባቡ መንገድ ላይ ሞላ። በአቅራቢያችን ካለችው ትንሽ መስጊድ ገብተን ሰገድን።

ከሶላት በኋላ ያሳረፉን ሰዎች ቤት የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነበር። ወለሉ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ሲሆን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ይወስናል። ግድግዳው በስፌት አጊጧል። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ ትንንሽ መስኮት መሳይ ቦታዎች አሉ፤ ኪታብና ቁርኣን ይቀመጥባቸዋል። መጽሐፍ በግድግዳው አካል ውስጥ ቦታ የተሰጠው ቤት ማየት መምህር ለሆነ ሰው ምንኛ ደስ ያሰኛል!

ጠያራ

ሐረር የዒልም ብቻ ሳትሆን የጥራዝ ከተማም ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ ለአሥር ቀን ያህል በከተማዋ ቆይቶ ነበር። ሰውየው ስለ ሐረርና ስለ ሕዝብዋ ብዙ ክፉ ነገር የጻፈ ቢሆንም፣ የመጽሐፍ አጠራረዝዋን ግን ሳያመሰግን አላለፈም፤ በጥንካሬና በመልክ ከምሥራቁ ዓለም የምትበልጣት ፋርስ ብቻ እንደሆነች መስክሯል።

ይህ ጥበብ በኋላ እየደከመ ሄደ። ኪታቦችም በየቤቱ ተበተኑ፤ ጥቂት የማይባሉትም ተሸጠው ከአገር ወጡ። የተረፉትን ከሰበሰቡት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት አቶ ዓብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። ስብስባቸው የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራው አሮጌ ሕንፃ በሙዚየምነት ለሕዝብ የሚታይ ሲሆን፣ የሐረር የአጠራረዝና የቆዳ ድጉስ ጥበብ እንደገና እንዲሠራበት የደከሙትም እሳቸው ናቸው።

የሐረርን ጥንታዊ ኪታቦች ያየ ሰው ሦስት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ ከሽፋኑ በስተግራ ወጥቶ የገጾቹን ዳር የሚሸፍን የቆዳ ምላስ አለው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የተጻፉበት ወረቀት ከጣሊያን፣ በተለይም ከቬኒስ ወገን የመጣ ነው፤ ወደ ብርሃን ቢይዙት በውስጡ የሦስት ጨረቃ ምልክት ይታያል። ሦስተኛውና የእኛን ጉዳይ የሚመለከተው ግን ኅዳጉ ነው። ጸሐፊው ገጹን አይሞላውም። ጽሑፉን መሐል ላይ አድርጎ ዙሪያውን ባዶ ይተወዋል። ይህም ወረቀት ስለተረፈው አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ቀሪ የሚለው ነገር እንደሚኖረው ስላወቀ ነው።

ኅዳጉ ያልበቃው ዓሊም ደግሞ ወረቀት ቆርጦ ያስገባል። የዐረብኛ መጻሕፍትን አሠራር የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ያለችውን ጭማሪ ወረቀት "ጠያራ" ይሏታል። በራሪ ማለት ነው፤ በብዙ አገር አውሮፕላንም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ልክ ነው፤ ካልያዟት ትበራለችና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባል። ይህ ልማድ ለፊቅህ፣ ለነሕውና ለመሳሰሉት ኪታቦች እንጂ ለሙስሐፍ አይደለም። ቀደምት ሰለፎች የአላህ ቃል ከሰው ቃል ጋር እንዳይቀላቀል በመሥጋት፣ ሙስሐፍ ከሌላ ጽሑፍ የጠራ እንዲሆን ብርቱ ጥንቃቄ አድርገዋል። የሰው ድርሰት ግን ጭማሪንም እርማትንም ይቀበላል።

ከጠራዡ ዘንድ

የጠቆሙን ጠራዥ በጀጎል ውስጥ በቤታቸው የሚሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱልንምና "ሐጂ" እያልን እንቀጥላለን። የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ ቀረበልን። ኪታቡን ተቀብለው ወዲያው አልገለጡትም፤ በመጀመሪያ ከጀርባው፣ ከዚያም ከዳሩ ተመለከቱትና፣

"ይህ ኪታብ ወፍራም ነበር፤ ማን አቀጠነው?" አሉን።

"እኛ ነን ሐጂ" አልናቸው። ፌስታሉን ሰጠናቸው። ብዙም አልተናገሩም፤ "ኡስታዝ፣ ልጅ ነበርክ፤ አሁን ግን ልጅ አይደለህምና ቁጭ በልና አግዘኝ" አሉን። ሦስት ቀን አገዝናቸው። የተማርነውን ለአንባቢያን እናካፍል።

መጽሐፍ ከነጠላ ቅጠሎች የተሠራ ይመስለናል እንጂ አይደለም። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ይሆናል። የታጠፉ ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገቡና በእጥፋቱ ላይ ይሰፋሉ። በዐረቡ ዓለም በሰፊው በተለመደው አሠራር አምስት ወረቀት አንድ ላይ ታጥፎ አሥር ቅጠል ይሆናል፤ ይህም "ኩራሳ" ይባላል። ኪታብ ማለት የኩራሳዎች ድርድር ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል በኃይል የሳበ ሰው ከእጥፋቱ ማዶ ያለውን ጓደኛውንም ያላላል። እኛ የሳብናቸው ጭማሪዎቹን ብቻ ቢሆንም፣ ከእነሱ ጋር በአንድ ክር የተሰፉ አራት የአያታችን ቅጠሎች ላልተው ተገኙ። ይህን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሳ ሁሉንም በእርሳስ መቁጠር ነበር። ከዚያ የእያንዳንዱን ወረቀት ቦታ መፈለግ ያዝን። ለዚህ አራት ምስክሮች አሉ።

አንደኛው የጸሐፊው ምልክት ነው። አባታችን በኪታቡ ውስጥ ከሚብራራው ቃል በላይ በዐረብኛ አኃዝ ትንሽ ቁጥር ጽፈዋል፤ በወረቀቱም ራስ ላይ ያንኑ ቁጥር ደግመዋል። በልጅነታችን ከሒሳብ የተረፈ ቁጥር መስሎን ነበር! በኪታቡ ውስጥ ከ1 እስከ 37 ቆጠርን።

ሁለተኛው "ተዕቂባ" ነው። ጸሐፊው ከገጹ ግርጌ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች፣ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ብቻውን ይጽፋል። የገጽ ቁጥር ባልነበረበት ዘመን ቅጠል እንዳይዛወር የተዘየደ ዘዴ ነው። የግርጌው ቃልና የሚቀጥለው ገጽ መነሻ ካልገጠሙ በመካከል የጎደለ ወይም የተዛወረ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ብል ነው። ብል ቀዳዳውን በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ አያቆምም፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዘልቃል። በጭማሪዋ ወረቀት ላይ ያለው ቀዳዳ በፊትዋና በኋላዋ ካለው ቀዳዳ ጋር ከገጠመ ቦታዋ እዚያ ነው። ሐጂ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ብርሃን በሦስቱ ቀዳዳ ሲያልፍ እያሳዩን፣ "ተመልከት፣ ጠላት እንኳ ይመሰክራል" አሉን።

አራተኛው እድፍ ነው። ቀለም ለረጅም ጊዜ ተጣብቆ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ ጥላውን ይጥላል። የውሃና የቅባት እድፍም ጎረቤቱን ይነካል።

በእነዚህ አራት ምስክሮች በፌስታሉ ውስጥ የነበሩት 33 ወረቀቶች ሁሉ ቦታቸውን አገኙ። አራቱ ግን አልነበሩም፤ 9ኛው፣ 14ኛው፣ 23ኛውና 30ኛው። ያን ቀን በንዴት ስንበትናቸው በንፋስ ሄደው ይሁን፣ ወይም እሳት ተለኩሶባቸው፣ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሐጂ ወደ ስፌቱ ሳይገቡ ምርጫ ሰጡን። ወረቀቶቹን ለብቻ ጠርዞ ኪታቡን ንጹሕ ማድረግ ይቻላል፤ ወይም እያንዳንዱን በየቦታው መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ስለ ኢጃራ የተጻፈ ማብራሪያ ከኢጃራ ምዕራፍ ሲርቅ፣ ጥያቄው የት፣ መልሱ የት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። በየቦታው ይመለሱ አልን።

ቅጠል የሚጨመረው እንዲህ ነው። ወረቀቷ ሰፋ ያለች ከሆነች ከስፌቱ ወገን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይታጠፍና እጥፋቱ ከኩራሳው ጋር አብሮ ይሰፋል። ጠባብ ከሆነች ቀጭንና ጠንካራ ወረቀት እንደ ጥብጣብ ተቆርጦ በዳርዋ ይለጠፋል፤ የሚሰፋውም ጥብጣቡ ነው። በሙሉ ገጽዋ ማጣበቅ ነውር ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ጽሑፍ ይጠፋልና። ሙጫው ከስንዴ ዱቄት በቀስታ የተሠራ ሙጫ ነው። እንዲህ ያለው ሙጫ ወደፊት ሌላ ጠራዥ ቢያስፈልገው በእርጥበት ይለቃል። ነጩ የፋብሪካ ሙጫ ደርቆ ስለሚገትር አይለቅም። ስኮችማ ጭራሽ አይነገርም፤ ይወይባል፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ስንቶቻችን በመልካም አሳብ መጽሐፋችንን በስኮች ገድለናል!

ሌላም ችግር አለ። 33 ወረቀት በአንድ ኪታብ ሆድ ሲገባ ኪታቡ በዳሩ ይወፍርና አፉን ከፍቶ ይቀራል። ለዚህ መላው በስፌቱ ወገን በየኩራሳው ባዶ የወረቀት ጥብጣብ እየጨመሩ ጀርባውንም በዚያው ልክ ማወፈር ነው። በዳር የጨመርከውን ያህል በሥርም ጨምር ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው ምሳሌ አድርገነዋል።

ሃያ ሁለተኛዋ ወረቀት

በሁለተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ 22ኛዋ ወረቀት ተራዋ ደረሰ። የወዲዓን ማለትም የአደራን ምዕራፍ በያዘው ቅጠል ላይ የምትገባ፣ ከቆዩትና ከወየቡት አንዷ ናት። ሐጂ እንድናነብላቸው ሰጡን። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈች አማርኛ፣ ዐጀሚ ናት። እኛ የፊቅህ ማብራሪያ ጠብቀን ነበር፤ ያገኘነው ግን ዝርዝር ነው። በ77 ወደ ሰፈራ የሄዱ ሰዎች አባታችን ዘንድ ያስቀመጡት ዕቃ ዝርዝር።

እንደሚታወቀው በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ስንቱን ቤት ዘግቷል። በዚያን ጊዜ መንግሥት ከሰሜኑ አገር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ አሰፈረ። ብዙው የሄደው በውዱ አልነበረም። የሚሄድ ሰው ደግሞ ሊሸከመው የማይችለውን ለሚያምነው ሰው አደራ ይሰጣል። አባታችን በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ቢሆኑም የቂርኣት ሰው ስለነበሩ ታምነው ነበር።

በወረቀቷ ላይ አራት መስመር አለ። የአንዲት እናት የብር አምባር፤ የአንድ ደረሳ ሁለት ኪታብ፤ የአንድ ገበሬ ማረሻና ጋቢ፤ የአንድ ሽማግሌ ሰጋጃና ሙሰበሓ። የባለቤቶቹ ስም ከነቀያቸው ተጽፏል፤ እዚህ አናወጣውም። በአራቱም ጎን በሌላ ቀለም "ተመልሷል" የሚል አለ። "አልሐምዱሊላህ" አልን። ሐጂ ግን ጣታቸውን ወደ ግርጌው ወሰዱ። ከመጨረሻው መስመር በታች፣ በስተግራ፣ አንዲት ቃል ብቻዋን ቆማለች። "ሣጥን" ትላለች።

ተዕቂባ ናት። የሚቀጥለው ወረቀት በዚህ ቃል ይጀምራል ማለት ነው። የሚቀጥለው 23ኛው ነው። 23ኛው የለም።

ውድ አንባቢያን፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የዕዳን ውል እንድንጽፍ ያዘዘው ሰው እንደሚሞትና እንደሚረሳ ስለሚያውቅ ነው። አባታችን ጽፈዋል። የታዘዙትን አድርገዋል። የጻፉትን የበተንነው እኛ ነን። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግሥቱ ሐጂ ለጎደሉት አራት ወረቀቶች በልካቸው አራት ባዶ ቅጠል ቆረጡ። እኛም ቢያንስ በ9ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ላይ ከሌሎች ኪታቦች ማብራሪያ አውጥተን ብንጽፍስ ብለን ጠየቅናቸው። "አትጻፍ" አሉን። "ከጻፍክበት ልጅህ ያባትህ ቃል ይመስላታል። ባዶውን ካየች ግን የጎደለ እንዳለ ታውቃለች።" አራቱም ባዶ ሆነው ተሰፉ። ቁጥራቸው ብቻ በእርሳስ በጥግ ተጻፈ።

ሣጥኑ

ከሐረር እንደተመለስን በቀጥታ ደሴ ወዳለችው እናታችን ሄድን። ስለ ሣጥን ጠየቅናት። ትንሽ ዝም ብላ ወደ ጓዳ አመለከተችን።

በጓዳው ውስጥ የእንጨት ሣጥን አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያው ነው። በላዩ ላይ ተቀምጠን ነው ፊደል ያጠናነው፤ በላዩ ላይ ነው ያ የሒሳብ ደብተር የተጻፈው። አንድም ቀን የማን ነው ብለን ጠይቀን አናውቅም።

"የእኛ አይደለም ልጄ" አለች እናታችን። "አባትህ ቤት ሲቀየር ተሸክሞት ይዞራል እንጂ አይሸጠውም፤ ቁልፉንም ሰብሮ አያውቅም። አንዲት ሴት ናት ልጆቿን ይዛ መተከል ስትሄድ ያስቀመጠችው። ስሟን እሱ ነበር የሚያውቀው፤ ጽፌዋለሁ ይለኝ ነበር።"

ጽፈውት ነበር።

የጠየቅናቸው ዑለማእ የመከሩን ይህን ነው። ባለቤቷን ወይም ወራሾቿን ተስፋ እስኪቆረጥ ድረስ ፈልጉ፤ በሷ ዘመን ከዚያ ቀዬ ወደ መተከል የሄዱትን ጠይቁ፤ በመስጊድ በር አስነግሩ። ፈጽሞ ከታጣች በስሟ ሰደቃ ይሰጣል፤ ሰው ከመጣ ግን አሁንም ባለ ዕዳ ናችሁ። በዚሁ መሠረት ፓዌ ላሉ ወንድሞች መልእክት ልከናል። በአባታችን የድሮ ቀዬ የቀሩ ሽማግሌዎችንም እየጠየቅን ነው። ሁለት ስም ተነግሮናል፤ የትኛው እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም። ሣጥኑን አልከፈትነውም። በላዩ መቀመጥንም ትተናል።

ለወጣቶች

በዚህ ዘመን ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዒልምን በስልካቸው ይፈልጋሉ፤ መልካም ነው። ሆኖም በየቤታችን መስኮትና ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን ኪታብ አለ። በውስጡ ያለችው ብጥቅጣቂ ወረቀት ቆሻሻ እንዳትመስላችሁ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቂርኣት፣ የሸኽ መልስ፣ የሕፃን የልደት ቀን፣ ወይም እንደኛ ቤት የሌላ ሰው ሐቅ ሊሆን ይችላል። ከማንሳታችሁ በፊት ቦታዋን በእርሳስ ቁጠሩ። ስልካችሁም ለዚህ ይጠቅማል፤ ገጹን ከነወረቀቷ ፎቶ አንሱት። በስኮች አታጣብቁ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ "ይህቺ ምንድን ናት?" ብላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ያለፍናቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ኪታቡ አሁን እንደ ቀድሞው ወፍራም ሆኗል። የስምንት ዓመት ልጃችን ባለፈው ሳምንት ስታገላብጠው ባዶዎቹን ቅጠሎች አገኘችና፣ "አባዬ፣ እነዚህ ለምን አልተጻፈባቸውም?" አለችን። እኛም አጠገባችን አስቀምጠን ከሰባተኛ ክፍሉ ደብተር ጀምረን ነገርናት። ሰምታ ስታበቃ 23ኛውን ገልጣ፣ "ሴትየዋ ስትገኝ ስሟን እዚህ እንጽፋለን?" ብላ ጠየቀችን።

ኢንሻአላህ እንጽፋለን አልናት። እስከዚያው ቅጠሉ ባዶ ነው። አንባቢያንም በዱዓችሁ አትርሱን፤ በ77 ከደሴ አካባቢ ወደ መተከል ስትሄድ ሣጥን አደራ ስለሰጠች እናት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ በዚህ መጽሔት በኩል አሳውቁን።